ያልተጫነባት ሁለተኛዋ ማሽን

ማክሰኞ፣ ወር በገባ በ6

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ የመሥሪያ ቤትሽን ወሬ ሁሉ እራት ላይ ከምትዘረግፊብኝ ግማሹን እዚህ ላይ ጣይው» አለችኝ። ስድብ ይሁን ስጦታ አልለየሁትም። ወረቀቱ ግን ልስልስ ያለ ነው፣ ጠርዙም ቀይ። ልጀምር እንግዲህ።

ዛሬ የታካሚ መዝገብ የሚይዙት የኮምፒውተር ማሽኖች መጡልን። እኔ ከምመራው የካርድ ክፍል ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቅንላቸውና በውስጧ የነበሩትን የወረቀት ካርዶች ወደ ምድር ቤት አወረድን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጄ ያገላበጥኳቸው ካርዶች በጋሪ ሲሄዱ ሳይ ዕንባዬ መጣ። ሰው እንዳይስቅብኝ አቧራ ነው አልኩ።

የሚተክላቸው ቴክኒሽያን አርባ ዓመት ቢሞላው ነው። ሲራመድ ቀስ፣ ሲናገር ቀስ፣ ብሎን ሲፈታ እንኳ ብሎኑን የሚያስፈቅደው ይመስላል። ፋርማሲስቷ ገና ከመግባቱ «ቀስ በቀስ» ብላ ስም አወጣችለት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሆስፒታሉ ሁሉ በዚያው ጠራው።

ማሽኖቹ መንታ ናቸው። ሁለት ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅሁት።

«እትዬ፣ አንዷ ትሠራለች፣ አንዷ ትጠብቃለች። የምትሠራዋ ድንገት ብትወድቅ የምትጠብቀዋ ተነሥታ ትረከባለች። መስኮት ላይ የቆመው ታካሚ መለዋወጣቸውንም አያውቅ።»

«የታካሚውስ ዝርዝር? በማንኛዋ ሆድ ነው ያለው?»

«በማንኛዋም» አለና መሐላቸው ያለችውን ሣጥን መታ መታ አደረጋት። «ይቺ የጋራ ዲስክ ናት። ተረኛዋ ትከፍታታለች።»

«የጋራ ጓዳ በለኛ» አልኩት። ሳቀ። ሳቁም ቀስ ያለ ነው።

ሐሙስ፣ በ8

ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ዛሬ ባለሙያ አስተምሬ መጣሁ ብል ማን ያምነኛል?

ቀስ በቀስ ሶፍትዌሩን የት እንደሚጭነው ለዳይሬክተሩ የሚጽፈው ነገር ነበረው፤ እዚያው ጠረጴዛዬ ጥግ ተቀምጦ ይጽፋል። እኔ ደግሞ አላርፍም። «ጓዳው የጋራ ከሆነ ሶፍትዌሩንም እዚያው ጓዳ ውስጥ አስቀምጠዋ። አንዴ ትጭናለህ፣ አንዴ ትገላገላለህ» አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «እንደዚያ የሚያደርግም አለ፣ እትዬ። ግን ሶፍትዌር ሲጫን ማሽኗ ራሷ የምትይዘው ነገር አለ፤ በምን ስም ይነሣል፣ ከየት ይጀምራል፣ ማን ይፈቀድለታል የሚለው። የጋራው ላይ ብቻ ካደረግሁት ይሄ ሁሉ በአንደኛዋ ይቀራል። ደግሞ ነገ ሶፍትዌሩ መታደስ ሲኖርበት፣ አንዷ እየሠራች ሌላዋን ማደስ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በየራሳቸው ዲስክ፣ በሁለቱም፣ አንድ ዓይነት። የጋራ የሚሆነው መረጃው ብቻ ነው።»

ትንሽ አሰብኩና «ሁለት ምግብ አብሳይ ቀጥረህ ሙያውን ላንዷ ብቻ ብታሳያት፣ እሷ የታመመች ቀን ሌላዋ ሞልቶ በተረፈ ጓዳ መሐል ጦሟን ትቆማለች ማለት ነው» አልኩት።

አየኝ፣ አየኝና «ይቺን ለማስተምራቸው ልጆች እነግርልሻለሁ» አለኝ። ቤቴ እስክደርስ ፈገግታዬ አልተከደነም።

እኔም በተራዬ አንድ ነገር አስተማርኩት። የርክክብ ቅጽ አለ፤ ሁለት ረድፍ፦ አንደኛዋ ማሽን፣ ሁለተኛዋ ማሽን፣ «ተጭኗል፣ ተፈትሿል»፣ ከዚያ የሱና የእኔ ፊርማ። «በእኛ ካርድ ክፍል ያላለቀ ነገር በእርሳስ ነው የሚጻፈው» አልኩት። «በእስክሪፕቶ የተጻፈ ካየን ያለቀለት ነው ብለን ነው የምናልፈው። አደራ።» «እሺ እትዬ» ብሎ ካጠገቤ እርሳስ ወሰደ።

ጡረተኛው ሾፌርም ዛሬ መጥቶ ነበር። በየወሩ ለእግሩ ይመጣል። ካርድ ቁጥሩን ነግሮኝ አያውቅም። «የካርድ ንግሥት እያለሽ ቁጥር ለምኔ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። በእንቅልፌም ብጠየቅ አልስተውም።

ረቡዕ፣ በ14

በአንደኛዋ ተጫነ። ሲጫን የመስኮት ሥራ ግማሽ ሰዓት ይቆማል የተባለው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ኮሪደሩ ጢም ብሏል። በየመስኮቱ «ሲስተም የለም! ሲስተም የለም!»

አንዱ ሰውዬ «ይሄ ሲስተም መቼ ነው የሚወለደው?» ብሎ ጮኸ። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ሰልፉ ላይ ቆማ «ካላስቸገርኩ እኔ ልቅደመው?» አለች። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስድቡ ሁሉ የሚወርደው የእኔ መስኮት ላይ ነው፤ ሁለት ሴትዮዎች ከነእናቴ አነሡኝ።

ሐሙስ፣ በ15

ጠዋት ቀስ በቀስ መጣ። «ሁለተኛዋን ልጨርስ። መጫኑ አያስቸግርም፤ ግን የጋራውን ዲስክ ወደሷ አዙሬ መነሣቷን ማየት አለብኝ። ሲስተም ይቆማል።»

ትናንት የሰማሁት ስድብ ከጆሮዬ ገና አልወጣም። ነገ ደግሞ የበላይ አለቆች ሥራውን ሊጎበኙ ይመጣሉ። «የኔ ጌታ፣ ዛሬስ አታስቁምብኝ፤ ኮሪደሩን ቁልጭ አድርጌ ማሳደር አለብኝ» አልኩት። በዚያ ላይ አሥር ሰዓት ላይ ፀጉር ቤት ቀጠሮ ነበረኝ፤ እሱ እንኳ ምክንያት አይደለም።

«እኔ ነገ ወደ ሌላ ከተማ ሊልኩኝ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይሆናል» አለ ራሱን እያከከ።

«ታዲያ ሰኞ እደውልልሃለሁ።»

«ትደውዪያለሽ? አንድ ቀን አስፈቅጄ እመጣለሁ። እንዲህ መተው ጥሩ አይደለም፣ እትዬ።» ቅጹን አወጣ። በአንደኛዋ ረድፍ በእስክሪፕቶ ፈረመ። በሁለተኛዋ ላይ በእርሳስ «ቀሪ» ብሎ ጻፈና ለእኔ ሰጠኝ። የእኔን ሕግ አክብሮ።

ዓርብ፣ በ16

ጎብኚዎቹ መጡ! ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ። ዳይሬክተሩ ጠዋት በበር ብቅ ብለው «አለቀ አይደል?» አሉኝ። «አልቋል፣ ዶክተር» አልኩ። ቅጹን አስተካክዬ አቀረብኩ።

ማሽኖቹን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። የሁለቱን አብሳዮች ነገር ስነግራቸው አንዷ ትልቅ ሰው አጨበጨበችልኝ። «እንዲህ ቀላል አድርጎ ያስረዳን ኢንጂነር የለም» አለች። ፎቶ ተነሣን። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው።

ቅጹ ወደ እኔ ተመለሰ። ፋይል ውስጥ መግባት አለበት።

ማክሰኞ፣ በ20

ትናንት መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ሰው በዛ።

ቅዳሜ፣ በ24

ቀስ በቀስ ራሱ ደወለ። «እትዬ፣ መቼ ልምጣ?» «ገና ነው፣ ሰሞኑን ሰው እንደ ጉድ ነው፤ እኔው እደውልልሃለሁ» አልኩት። ቢመጣ ምን ብዬ ነው የማስቆመው? ያለቀ ነገር ሊሠራ መጣ ሊባል?

ደግሞ ማሽኖቹ አዲስ ናቸው። አዲስ ዕቃ በወሩ አይወድቅም።

ፀጉሬ ተበላሽቷል።

ሰኞ፣ በ26

ጠዋት ሦስት ሰዓት። ከጀርባ ክፍል የተቃጠለ ነገር ሽታ። አንደኛዋ ማሽን ጠፋች። መብራቶቿ ሁሉ።

ሁለተኛዋ በራ በራ አለች። ጠበቅናት። ሲስተም የለም።

አሁንም የለም። ምሳ አልበላሁም።

ቀስ በቀስ በስልክ፦ «ሁለተኛዋ ዲስኩን ይዛለች፤ ግን የምታነሣው ሶፍትዌር የላትም። እትዬ፣ አልነገርኩሽም?» ዳይሬክተሩ አጠገቤ ቆመው ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ «አይሰማም፣ ይቆራረጣል» አልኩ።

ሾፌሩ

በኋላ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ፣ በ27

ሳይነጋ ተነሣሁ። እንቅልፍ ከቤቴ ወጥቶ ሄዷል። ልጻፈው።

ትናንት ስድስት ሰዓት ገደማ ጡረተኛውን ሾፌር ልጁ ደግፋ አመጣችው። እግሩ አመርቅዟል፣ ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቷል። መስኮቴ ላይ እንኳ አልቀለደም። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ሊያየው ቢል ባዶ ነው። «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ሲባል በትኩሳቱ መሐል «የለም፣ የለም፣ ሁሉ ይስማማኛል» አለ። ልጁም አታውቅ። ፔኒሲሊን ተወጋ።

ወዲያው ፊቱ ያብጥ ጀመር። ከንፈሩ፣ አንገቱ። የፋርማሲስቷን ጩኸት በሁለት ግድግዳ ሰማሁት፦ «አንቺ ሴትዮ! ይሄ ሰውዬ ምን አለበት? አንቺ አታውቂም?»

አውቃለሁ! እኔ ነኛ በቀይ እስክሪፕቶ የጻፍኩበት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በወረቀት ካርዱ ላይ፣ ሰያፍ ከላይ እስከታች። «ፔኒሲሊን ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ እየጮህኩም ወደ ምድር ቤት ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ። ካርዶቹ ገና በጋሪው እንዳሉ ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ተደባልቋል፣ መብራቱም ደብዛዛ። በእጄ ዳሰስኩ። ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ያኔ ምን እንደደረሰበት፣ በምን እንዳዳኑት፣ ስንት መርፌ እንደፈጀ ሁሉ ተጽፎበታል። ይዤ ስወጣ አንድ ጫማዬ ደረጃው ላይ ቀርቷል።

ሐኪሙ ካርዱን ከእጄ መንጭቆ አየና ለነርሷ የሚሰጠውን ነገራት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሾፌሩ መተንፈስ ጀመረ። ማለቴ፣ እንደ ሰው መተንፈስ።

ሐኪሙ ወጥቶ በሰው ሁሉ ፊት «ይቺ ሴትዮ ባትኖር ኖሮ» አለ። ፋርማሲስቷ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እሷ የናቷ ቀብር ላይ ያላለቀሰች ሴት። ሕዝቡ መረቀኝ። አንዲት እናት እጄን ሳመች።

በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ባዶ እግሬን ከሌላው ጀርባ ደብቄ፣ ሁሉንም ተቀበልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሐሙስ፣ በ29

ቀስ በቀስ ደርሶ ሲስተሙን እንደምንም አስነሣ፤ ማለት አንደኛዋን ጠግኖ ነው። ሁለተኛዋን እንዳይነካ ዳይሬክተሩ ከለከሉት። ኮሚቴ ተቋቁሟል።

ኮሪደር ላይ የሰማሁት፦ «ሰው ሊገድል ነበር፣ ይሄ ዘገምተኛ።» «ሥራውን ትቶ ሄዷል አሉ።» «የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ባትደርስ ኖሮማ!»

ጥፋቱ የሱ ነው ከተባለ ይባረራል፤ ለሌሎቹ ሆስፒታሎች ሁሉ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ በዚህ ሙያ ማንም እንዳያሠራው። ፋርማሲስቷ ናት ያጣራችው። «የሚገባው ነው» አለች። እኔም አዎ አልኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ አዲስ ወር፣ 1

ሾፌሩን ልጠይቅ ወደ ተኛበት ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። ድምፁ ሻክሯል፣ እንደ አሮጌ ሞተር ነው የሚንገጫገጨው፤ ራሱም ይቀልድበታል፦ «ማርሽ አልገባ ብሎኛል።»

እጄን ይዞ አልለቅም አለ። «የካርድ ንግሥት! ሁለተኛ ነፍሴ ያንቺ ናት። ልጄን ‹ስሞት ለሷ ነው መጀመሪያ የምትነግሪው› ብያታለሁ።»

«አይ ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ።»

«ያንን ሰውዬ ግን አልምረውም» አለ። «ያንን ማሽን ተካዩን። ሾፌር ነኝ፤ ተለዋጭ ጎማ ሳይዝ ሕዝብ ጭኖ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ።»

ብርቱካኑን ስልጥለት ጭማቂው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጥሩ ሆነ፤ አለቀስኩበት።

ሰኞ፣ በ3

ኮሚቴው ጠራኝ። ጠየቁኝ። መለስኩ። አሥር ደቂቃም አልፈጀ።

ልጄ «ምን ሆነሻል፣ ወሬሽ የት ገባ?» አለችኝ እራት ላይ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ረቡዕ፣ በ5

ቅጹን ይፈልጉታል። ቀስ በቀስ ለኮሚቴው «በእርሳስ ቀሪ ብዬ ጽፌ ሰጥቻታለሁ» ብሏል። ሌላ ኮፒ የለውም፤ ፋይል የምይዘው እኔ ነኝ። ዋናው ከተገኘ ነገሩ ያበቃል።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ካርድ ክፍል ውስጥ ፍለጋ ነበር። መሳቢያ በመሳቢያ። ፋርማሲስቷ መጥታ «አንቺ ከምድር ቤት በጨለማ ካርድ ያወጣሽ ሴትዮ አንዲት ወረቀት አቃተሽ?» ብላ ቀለደች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ መጣ። ኮቱን አውልቆ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከመደርደሪያው ሥር ይፈልግ ጀመር፣ ቀስ እያለ፣ አቧራውን በመዳፉ እየጠረገ። «እትዬ፣ አትጨነቂ» አለኝ። «አንቺ ወረቀት አትጥዪም። የሆነ ቦታ ነው ያለው። ሰኞ ነው የሚወስኑት፣ እስከዚያ እናገኘዋለን።»

እናገኘዋለን አለኝ። እኔንም ጨምሮ።

ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ይህ ደብተር በውስጡ ነበር።

ዓርብ፣ በ7

ከሥራ ቀረሁ፤ አመመኝ ብዬ። ልጄ ወደ ትምህርቷ ሄዳለች፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ገና ቀን ነው፣ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ አርፋለች። እስቲ ለራሴ እንኳ ልዋሽ ወይስ ልተው።

ልተው።

ያን ዓርብ ጠዋት፣ በ16፣ ዳይሬክተሩ «አለቀ አይደል?» ብለውኝ ከሄዱ በኋላ በሩን ዘጋሁ። ላጲስ አወጣሁ። «ቀሪ» የሚለውን አጠፋሁ። ተጠንቅቄ፣ ወረቀቱ እንዳይቆስል፣ ፍርፋሪውን እፍ ብዬ። ከዚያ በእስክሪፕቶ ምልክት አደረግሁና ፈረምኩ፤ የሱ ፊርማ ቦታ ባዶ መሆኑን ማንም ልብ አላለም። ተጭኗል። ተፈትሿል። አንድም ሰው አላስገደደኝም። ጎብኚዎች ፊት ግማሽ ሥራ ይዤ መቆም አሳፈረኝ፤ ከዚያ በላይ ምክንያት የለኝም። ባለማወቅ ነው እንዳልል ደግሞ፣ ሁለተኛዋ ባዶ እጇን እንደቆመች ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የሁለቱን አብሳዮች ምሳሌ ያወራሁት ያኔ ነው፤ አንዷ ምንም እንዳልተማረች እያወቅሁ። ተጨብጭቦልኛል።

ሰኞ ኮሚቴው «ሁለተኛዋ እንደቀረች ነግሮሽ ነበር ወይ?» አለኝ። «አላስታውስም» አልኩ። ይኸው ነው የመለስኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሁሉ ቁጥር በቃሏ የምታስታውስ ሴት።

ቅጹ እዚህ ነው። ከደብተሩ ልባስ ሥር፣ ሦስተኛ ሳምንቱ። በየዕለቱ ስጽፍ እጄ ላዩ ላይ ነው የሚያርፈው። አሁን አውጥቼ ወደ ፀሐይዋ ሰያፍ አድርጌ ያዝኩት። እርሳስ ይጠፋል እንጂ ጠባሳው አይጠፋም፤ ለአዲስ ሠራተኞች ሁሉ የማስተምረው ይህንኑ ነው፣ «ላጲስ አትመኑ፣ ወረቀቱን አዘንብላችሁ እዩ» እያልኩ። ከፊርማዬ ሥር ጥርት ብሎ ይታያል። ቀሪ።

ቀጥ ያለ ጽሕፈት ነው። ቀስ ብሎ ነው የጻፈው።

እንዲህ ስጽፍም ገና አልወሰንኩም። ምድጃው ቅርብ ነው። ደግሞ ማንም እኔን አይጠረጥርም። ፋርማሲስቷ ምን ትለኛለች? ሾፌሩስ? ልጄስ? ፊቴን የት አደርገዋለሁ?

እሱስ ፊቱን የት አደረገው? መደርደሪያ ሥር፣ አቧራ ውስጥ።

ሰኞ፣ በ10

ሰጠሁ።

ከስብሰባው በፊት አንኳኩቼ ገባሁ። ሰማያዊ ቀሚሴን አልለበስኩም። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለዳይሬክተሩ «ወደ መስኮቱ አዘንብለው ይዩት፣ ዶክተር» አልኳቸው። የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የፈረምኩትም እንዳላለቀ እያወቅሁ ነው። ደውዪልኝ ብሎኝ አልደወልኩም። ሲደውል ዋሸሁት። አስታውሳለሁ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ» አልኩ።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አዘንብለው አዩ። «ለምን?» አሉኝ።

«ጎብኚ ስለነበረ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንኛ ትንሽ እንደሆነ ሰማሁት።

ቀስ በቀስ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ፍርዱን ሊሰማ። ማምለጫ አልነበረኝም። ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ በወደድኩ። «መደወል ነበረብሽ፣ እትዬ» አለ። «የፈለገ ሩቅ ብሆን እመጣ ነበር።» ከዚያ ኮቱን አስተካክሎ ገባ።

እኔ ላይ የተወሰነው፦ ከኃላፊነት ተነሥቻለሁ፣ ደብዳቤ ፋይሌ ውስጥ ይገባል፣ ሥራዬ መስኮት ላይ ብቻ ይሆናል። እሱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ተሠረዘ፤ ሥራውን ይጨርስ ተባለ።

ፋርማሲስቷ እስካሁን አላናገረችኝም። ለልጄ እራት ላይ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማዬ» አለች። ሳህኑን አጥባልኝ ተኛች።

ሐሙስ፣ በ13

ዛሬ በሁለተኛዋ ተጫነ። እኔ ያልተጠራሁበት ሥራ ነው፤ ግን ሲስተም የሚቆምበት ሰዓት ሲደርስ መስኮት ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ሞልቷል። «ሲስተም የለም!» ማለት ተጀመረ። ተነሥቼ ወጣሁና ሰልፉ መሐል ቆምኩ። «ዛሬ የቆመው ካንድ ወር በፊት መቆም የነበረበት ነው። ያኔ እንዳይቆም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስድብ ካለ እኔ ጋ ነው» አልኩ። የሚሳደብ ጠፋ። አንዱ ብቻ «እሺ፣ ስንት ደቂቃ ነው?» አለ። «ግማሽ ሰዓት፤ ሃምሳም ሊሆን ይችላል።»

ቀስ በቀስ ከጀርባ ክፍል ጠራኝ። «እትዬ፣ ነይና እዪ። አሁን ሳታዪ አትፈርሚም።» ሳቅ የለበትም፣ ቂምም የለበትም፣ እንደ ሥራ ነው የተናገረው። የአንደኛዋን ማሽን ገመድ ነቀለ። ጠፋች። ሁለተኛዋ አንገራገረች፣ በራች፣ ጓዳውን ከፈተች። አንድ ደቂቃ ሞልቶም አልሞላ፣ ስክሪኑ ላይ የሰው ስም ዝርዝር ወረደ።

አዲሱን ቅጽ አስቀመጠልኝ። አሁን ምስክር ብቻ ነኝ። በእስክሪፕቶ ፈረምኩ።

ከሥራ ስወጣ ሾፌሩ ቤት ሄድኩ። ከሌላ ሰው ሳይሰማ እኔው ልንገረው ብዬ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አዳመጠኝ። ልጁ በር ላይ ቆማ ነበር። ስጨርስ ግድግዳውን አየ፣ እግሩን አየ። በዚያ በሻከረ ድምፁ «እሺ» አለ። «አመሰግናለሁ ስለነገርሽኝ።» ልጁ እስከ ደጅ ሸኘችኝ።

ማክሰኞ፣ በ18

ለእግሩ መጣ። የወሩ ቀጠሮው ነው። ሰልፉን ጠብቆ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ ተራው ደርሶ መስኮቴ ላይ ቆመ። ንግሥት ይለኝ ይሆን ብዬ ነበር። ልዋሽ አይደለም፣ ጠዋት ስወጣ ጀምሮ ይህችኑ ነበር የማስበው።

«እንደምን አደርሽ» አለኝ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ።»

ኪሱን ዳበሰ፤ መነጽሩን አወጣ፤ ከኪሱ ያወጣትን ብጣሽ ወረቀት ወደ ዓይኑ አቀረበ። ልጁ ጽፋ የሰጠችው መሆን አለበት። እየፈለገ፣ እየተጠነቀቀ፣ እንደማንኛውም አዲስ ታካሚ አነበበልኝ።

«ሦስት ሺህ... አራት መቶ... አሥራ ሁለት።»

አላቋረጥኩትም። እስኪጨርስ ጠበቅሁና ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ከዚያ የጻፍኩት እንዳይሳሳት መልሼ አነበብኩለት።

«ልክ ነው» አለኝ።